የክረምቱ ዝናብ የት ገባ? በጥር የሚፈልቀውስ ከየት መጣ?

«ቤታችን አራት ኪሎ፣ ከጊንፍሌ ወንዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲያወርድብን ከርሞ ቧንቧችን ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ ብቻ ነው የሚመጣው። አሁን ደግሞ አጠገባችን ሕንፃ ሊሠሩ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ቆፈሩ። ጥር ነው፣ ጠብታ የለም፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ግን ውሃ ያፈልቃል። ቀኑን ሙሉ በፓምፕ እየሳቡ አስፋልት ላይ ይደፉታል፣ ሰፈርተኛው ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ያ ሁሉ ዝናብ የት ሄደ? ይሄኛውስ ከየት መጣ? ደግሞስ ይጠጣል?»

ጥያቄው ከሁለት ፎቶ ጋር ነው የደረሰኝ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሰው ጀሪካን ይዞ ቆሟልና። አይጠጣም። አፍልታችሁትም አይጠጣም። ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወለል፣ ለመኪና ማጠቢያ ውሰዱት፤ ቡና እንዳታፈሉበት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። የጠፋብህ ውሃና ጉድጓዱ ውስጥ ያየኸው ውሃ ዘመዳሞች ናቸው። የለያያቸው ፍጥነት ነው። አንዱ ከደጅህ በደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ሄደ፣ ሌላው እየተጎተተ ለጥር ደረሰ። እኔ ብዙ ዓመት በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ «እዚህ ቦታ ውሃ አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሼ የምጠይቀው «ለስንት ጊዜ የሚቆይ?» ብዬ ነው። ውሃማ የትም አለ።

እስቲ በሒሳብ እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ ልክ 1 ሊትር ነው። ይቺን ከያዝክ ሌላው ማባዛት ብቻ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የሚወርደው። ግቢያችሁ 200 ካሬ ነው እንበል። ሰማይ በዓመት 220,000 ሊትር አውርዶላችኋል ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስትቆጥረው 11,000 ጀሪካን ይሆናል። ጀሪካን ተሸክሞ የአራት ኪሎን ዳገት የወጣ ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ እንዴት እንደሚናደድ ይገባኛል።

ይሄ ውሃ ሦስት መንገድ አለው። ወይ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ወይ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ወይ ወደ ታች ይሰርጋል።

ወደ ላይ የሚመለሰውን ሰው ይንቀዋል፣ ስለማይታይ። ግን ትልቁ ድርሻ የሱ ነው። በዓለም ደረጃ በዓመት የብስ ላይ የሚወርደው ዝናብ ወደ 110,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 70,000 ገደማው ተንኖ ወይም በዕፅዋት ቅጠል በኩል ወጥቶ ተመልሶ ሰማይ ይገባል። በወንዝና በከርሰ ምድር የሚሄደው የቀረው 40,000 ገደማ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል ከቆርቆሮው ላይ የሚጨሰውን አይተህ የለ? እሱ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ሥሩን አርዝሞ ከአፈሩ እየሳበ በቅጠሉ ይለቀዋል። በምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተብሎ የመጣ ዛፍ ነው፤ «ውሃ ይጠጣል» ተብሎ የሚታማው ሐሰት አይደለም፣ ግን ዛፍ ሁሉ ይጠጣል፤ ባሕር ዛፍ በቶሎ ስለሚያድግ ብዙ ይጠጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ነገር ጣል ላድርግ። በዓለም ሰማይ ላይ ያለው እንፋሎትና ደመና በሙሉ ባንዴ ቢወርድ መሬትን የሚሸፍናት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ግን በሐምሌ ወር ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። ታዲያ ከየት ነው? ሰማይ ጎተራ ስላልሆነ ነው፤ ሰማይ የጭነት መኪና ነው። አንዲት የውሃ ቅንጣት በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ብቻ ነው አየር ላይ የምትቆየው፣ ከዚያ ትወርዳለች፣ ሌላዋ ትሳፈራለች። ክረምት ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ከአትላንቲክ በኩል ይነሳል፣ በኮንጎ ደን ላይ ሲያልፍ ዝናብ ያወርዳል፣ ደኑ የተነፈሰውን ደግሞ ተሸክሞ ይመጣል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣም አለ፤ በተለይ በልግን የሚያዘንበው እሱ ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አራት ኪሎ ጃንጥላህን የሚመታው ጠብታ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ዘንቦ፣ ተንኖ፣ እንደገና ዘንቦ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጎን የሚሮጠው ደግሞ አንተ ዓይንህ እያየ የሄደው ነው። ድሮ ያንተ ሰፈር ሣርና ቁጥቋጦ ነበረው፣ ግቢው አፈር ነበር። አሁን ቆርቆሮ፣ ኮንክሪት፣ ኮብልስቶን፣ አስፋልት። ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ጊንፍሌ ይንደረደራል። ቁልቁለቱም ቀላል አይደለም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ፤ በመካከላቸው አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ለዚህ ነው ዝናቡ በጣለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀበና ድፍርስ ሆኖ የሚያገሳው፣ በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥኖ የሚታየው። የዚያ ውሃ ዕድሜ ከተማችን ውስጥ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

ከዚያስ? ትምህርት ቤት ሳለን የሳልነው ስዕል ትዝ ይልሃል? ባሕር፣ ደመና፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ተመልሶ ባሕር። ቀስቱን በሰማያዊ እርሳስ አዙረን አሥር ከአሥር አገኘንበት። ለአራት ኪሎ ዝናብ ግን ስዕሉ አይሠራም። ጊንፍሌ ቀበናን ይዞ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ መተሐራን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ የሚባል ጨው ሐይቅ ውስጥ ይቆማል። በቃ። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳያይ ነው የሚያልቀው። ከአቤ ሐይቅ መውጫው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ታነሳዋለች፣ ጨዉ ይቀራል። በአንጻሩ ከእንጦጦ ጫፍ በስተሰሜን ሱሉልታ በኩል የወረደችዋ ጠብታ ሙገር ገብታ፣ ከሙገር ዓባይ፣ ሕዳሴ ግድብን፣ ሱዳንን፣ ግብፅን አልፋ ሜድትራንያን ድረስ መሄድ ትችላለች። ሁለት ጠብታ ከአንድ ደመና ወርደው፣ በአንድ ጋቢ ስፋት ተራርቀው ቢያርፉ፣ አንዷ ባሕር አንዷ በረሃ። እንጦጦ በወጣሁ ቁጥር ይሄ ነገር ይደንቀኛል፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ግን ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ «አውቀነዋል» ይለኛል።

የቧንቧህም ነገር እዚሁ ላይ ይፈታል። የከተማዋ ግድቦች ገፈርሳ በምዕራብ፣ ለገዳዲና ድሬ በምሥራቅ ናቸው። ሁሉም ከመሀል ከተማ ከፍ ብለው፣ ከላይ ነው ያሉት። ያንተ ጣራ ላይ የወረደ ዝናብ ለገዳዲ ልግባ ቢል ሽቅብ መፍሰስ አለበት። ሰፈርህ ላይ ዘነበ ማለት ግድቡ ሞላ ማለት አይደለም፤ ግድቡ የሚሞላው የሱ ተፋሰስ ላይ ሲዘንብ ነው። ቢሞላም ደግሞ ክረምት ላይ ጎርፉ አፈር ይዞ ስለሚገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ ማጣራቱ ይከብዳል። ከዚያ ፓምፕ አለ፣ መብራት አለ፣ ያረጀ መስመር አለ፣ ቁጥሩ ከመስመሩ ቀድሞ ያደገ ሕዝብ አለ። ፈረቃው ከእነዚህ የመጣ እንጂ ሰማይ ስላልሰጠን አይደለም። የከተማዋ ውሃ ግማሽ ታሪክ ደግሞ ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ በተለይ ከአቃቂ በኩል። አራት ኪሎ የወረደ ዝናብ ተመልሶ የሰው ቧንቧ ሊገባ የሚችልበት አንዱ መንገድ በከርሰ ምድር ወደ ደቡብ ሄዶ እዚያ ቢደርስ ነው። እሱን የሚጠብቅ ሰው ግን ትዕግሥት ይስጠው።

አሁን ወደ ታች የሚሰርገው። የኔ ሰፈር ይሄ ነው፣ ትንሽ ላስረዝም።

ዝናቡ አፈር ሲነካ ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ አይወርድም። ሰባት ስምንት ወር የደረቀ አፈር መጀመሪያ የራሱን ጥማት ነው የሚቆርጠው። የሰኔ ዝናብ በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያው ይቀራል። አፈሩ ጠግቦ «በቃኝ» ሲል ብቻ ትርፉ ወደ ታች ያልፋል፤ ይሄ የሚሆነው ሐምሌ መጨረሻ፣ ነሐሴና መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። በዓመት ውስጥ መሬቱ ውሃ የሚያስቀምጥባቸው ሳምንታት እነዚህ ብቻ ናቸው ብልህ ብዙ አላጋነንኩም። ያኔ ደግሞ አፈሩ ምን ዓይነት ነው የሚለው ይመጣል። ወደ ሰሜኑ በኩል ያለው ቀይ አፈር ያሳልፋል። ወደ ቦሌና አቃቂ ያለው ጥቁሩ መረሬ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ ከዚያ ጭቃው አብጦ ይገጥምና ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ይከርማል።

ከአፈሩ በታች ያለው ዐለት ነው። ሰው «የከርሰ ምድር ውሃ» ሲባል ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ ወይም ሐይቅ ይታየዋል። የለም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት እየፈሰሰ፣ እየረጋ፣ ደግሞ እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው። እንደ እንጀራ ቁልል አስበው። ጠንካራው ዐለት ራሱ ውሃ አይዝም፤ የሚይዘው ሲቀዘቅዝ የተሰነጠቀበት ቦታ፣ ላዩ በስብሶ የላላበት፣ በአንዱ ፍሳሽና በሌላው መሀል የቀረው ክፍተት ነው። አንድ ላቫ ከረጋ በኋላ ሺህ ዓመታት አልፈው ላዩ አፈር ይሆናል፣ ከዚያ ሌላ ላቫ መጥቶ ያንን አፈር ይጠብሰዋል፤ ቀይ ሸክላ ሆኖ ይቀራል። እንደ ምጣድ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም።

እስቲ የመጀመሪያውን ፎቶህን እንደገና ክፈተው። ግድግዳው መሀል ላይ፣ ከስካቫተሩ ክንድ በስተቀኝ፣ ቀይ ቀበቶ የመሰለ መስመር አለ። ከሱ በታች ዐለቱ ደረቅ ነው። ከሱ በላይ እርጥብ ነው፣ ውሃው የሚንጠባጠበውም ልክ ከመስመሩ ጠርዝ ላይ ነው። ይሄ ያ የተጠበሰ አፈር ነው። ክረምት የሰረገው ውሃ ወርዶ ወርዶ ምጣዱ ላይ ደረሰ፣ ማለፍ አቃተው፣ ተንጣልሎ በስንጥቁ ውስጥ ወደ ጊንፍሌ በኩል ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ። በዓመት ምናልባት ጥቂት ሜትር፣ ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ በቀን ጥቂት ሜትር። ባይቆፈር ኖሮ ወንዙ ዳር ምንጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። በጋ ላይ ወንዞቻችን ጭራሽ የማይደርቁት በዚህ ነው፤ በጥር ወንዝ ውስጥ የምታየው ንጹሕ ውሃ ካለ የነሐሴ ዝናብ ነው፣ ወይም የካቻምናው። ጎረቤቶችህ መንገዱን በመሀል ቆረጡበት። ምንጭ ማለት መሬቱ ውሃ ያለበት ደረጃ ድረስ የተቆረጠበት ቦታ ነው፤ ሸለቆም ይቁረጠው ስካቫተር ለውሃው አንድ ነው።

የመጠኑን ነገር ከተነሳ አይቀር፦ በዓለም ካለው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ 69 በመቶ ገደማው በረዶ ሆኖ በአንታርክቲካና በግሪንላንድ ተቆልፏል። 30 በመቶ ገደማው እንዲህ ዐለት ውስጥ ነው። ጣናም አዋሽም ዓባይም ቪክቶሪያም፣ በምድር ያለ ሐይቅና ወንዝ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ በመቶ አይሞላም። የምናየው ውሃ እንግዲህ ይቺን ታህል ናት።

ሰፈር ውስጥ «የፍልውሃ መስመር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ሁሌም አለ። አይደለም። ፍልውሃ ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። እቴጌ ጣይቱ ወርደው ደስ ያላቸውና ከተማዋም የተቆረቆረችበት ያ ሙቅ ውሃ ላይ ላዩን የሄደ አይደለም። በስንጥቅ እጅግ ጥልቅ ድረስ ወርዷል። መሬት ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ እኛ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ስላለን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሞቆ፣ ከዐለቱ ሶዲየምና ባይካርቦኔት አሟሙቶ፣ የፍልውሃ ስብራት በሚባለው ትልቅ የመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ያ ውሃ እዚያ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ከጎረቤትህ ጉድጓድ ውሃ ጋር አይወዳደርም። መለየቱ ግን ቀላል ነው፣ እጅህን ንከረው። የአዲስ አበባ አየር አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ስትነካው ለብ ያለ ይመስልሃል፣ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ። ውሃው አልተለወጠም፣ አየሩ ነው። የእውነት ቢሞቅ ጻፍልኝ፣ እኔ ራሴ ፎጣ ይዤ እመጣለሁ።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ንጹሕ የነሐሴ ዝናብ ነው እንዳትል። መሀል አዲስ አበባ መሬቱን የሚያጠጣው ሰማይ ብቻ አይደለም። የሚያፈስ የቧንቧ መስመር አለ። የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ፤ ብዙዎቹ ታቹ ያልተለሰነ፣ «አይሞላም፣ ተባርኳል» የሚባልላቸው። ያልሞላው እየሰረገ ስለሆነ ነው እኮ! ከዓመታት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ባለሀብት ለቤዝመንት ሲያስቆፍር ምንጭ መታ። ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ጣዕሙም ደህና። ሰውዬው ሕንፃውን ትቶ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ እያሸገ ሊሸጥ አሰበ፣ ለጠርሙሱ ስም ሁሉ አውጥቶለት ነበር። እኛ ተጠርተን ናሙና ወሰድን። ናይትሬቱ፣ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገባው ጨው፣ ከሚፈቀደው በብዙ ያለፈ ሆነ። ከላይ ያለው ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ ለዓመታት ተመጦ አያውቅም። ሰውዬው ውጤቱን ሲሰማ ምንም አላለም፤ ፎርማኑ ግን ከሰዓት በፊት ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ነበርና ወደ ጓሮ ሄደ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። አፈር ጀርሙን በከፊል ያጣራል፣ ናይትሬትን ግን አያጣራም። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን እሱ ስለሚቀር እንዲያውም ይጠናከራል። ከሁሉ የሚያሰጋው ለጨቅላ ሕፃን ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በጡጦ የሚመገብ ልጅ ያለበት ቤት በዚህ ውሃ ወተት እንዳይበጠብጥ እባክህ ዛሬውኑ ንገራቸው። ጀሪካን ይዘው ከሚሰለፉት ውስጥ የልጅ እናት አትጠፋም።

የማን ውሃ እንደሆነ በራስህ መለየት ትፈልጋለህ? ላቦራቶሪው ይሻላል፣ ግን ያለ ላቦራቶሪም ብዙ መገመት ይቻላል። ቧንቧ የሚለቀቅላችሁ ማክሰኞና አርብ ነው ብለሃል። ፎርማኑን ጠይቀህ ፓምፑ ምሽት ላይ ሲያርፍ ውሃው በአንድ ሌሊት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚነሳ ለሁለት ሳምንት መዝግብ። ማክሰኞና አርብ ለሊት ላይ የሚጨምር ከሆነ የሚያፈስ መስመር አለ፣ ሌላ ምርመራ አያሻውም። ዝናብ ጥሎ በሰዓታት ውስጥ ከደፈረሰና ከጨመረ ደግሞ ከቱቦ ወይም ከመንገድ የሚገባ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ጊዜ ስጠው። የክረምት ዝናብ ያመጣው ውሃ ከጥር ወደ ግንቦት እየቀነሰ መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም የሚተካው የለም። በልግ ትንሽ ሊያነሳው ይችላል እንጂ አካሄዱ መቀነስ ነው። ሚያዝያም ግንቦትም አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ሰው በየቀኑ እየቀዳለት ነው ማለት ነው፤ ወይ ቧንቧ ወይ ሽንት ቤት። አንዳንዱ «ክሎሪን ካልሸተተ የቧንቧ አይደለም» ይላል፣ አትመነው። ክሎሪን አፈር ውስጥ ጥቂት ሲሄድ ይጠፋል። ከሸተተ ግን እርግጥ ነው።

እዚያ ከሚቀዳው ይልቅ ንጹሕ ነገር ከፈለክ ከራስህ ጣራ አለልህ። 60 ካሬ ቆርቆሮ ሐምሌ ላይ ከ12,000 ሊትር በላይ ይወርድበታል፤ የሚረጨውንና የሚተነውን ብትቀንስ እንኳ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አራት አምስቴ ይሞላል። አሸንዳው ይጠረግ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የርግብ ኩሱን ይዞ ስለሚወርድ ይደፋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስና ለቤት ጥሩ ውሃ ነው። ሳሙናም ይወደዋል፣ ማዕድን ስለሌለበት ቶሎ አረፋ ያወጣል። እናቶቻችን የዝናብ ውሃ በገንዳ ይዘው ጋቢ የሚያጥቡበት ምክንያት ነበራቸው።

አሁን ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሁለተኛው ፎቶህ ላይ ከፓምፑ ቱቦ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ነው። የሚንጠባጠበው ግድግዳ ላይ ግን ጥርት ያለ ነው። ያ ቡናማ ነገር ከጉድጓዱ ወለል ላይ ያለ ጭቃ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ ሠራተኛ እየረገጠው ነው። ከግድግዳው ጀርባ እየታጠበ የሚመጣ ደቃቅ አፈር ከሆነ ግን ባዶ እየሆነ ያለው የእናንተ መሠረት ሥር ሊሆን ይችላል። ውሃውን ከአካባቢው በብዙ ሲስቡት ደግሞ አፈሩ ውስጥ የነበረው ውሃ ከሸክሙ የሚያግዘው ስለሚቀር መሬቱ ይረጋል፣ ቤት ይሰነጠቃል። ሕንፃው ካለቀ በኋላም ጣጣው የነሱ ነው፤ በውጭ በኩል መሬቱ ውስጥ ከወለሉ በላይ ለቆመ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ውሃ ወለላቸውን በካሬ ሜትር 1 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። በደንብ ያላሰቡበት ቤዝመንት እንደ ጀልባ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል። እሱን መሐንዲሳቸው ያስብበት፣ አንተ የቤትህን ነገር ያዝ።

እሑድ፣ ሠራተኛ ጉድጓዱ ውስጥ በሌለበት ሰዓት፣ ከፓምፑ ቱቦ ጫፍ ውስጡ በሚታይ ብርጭቆ ቅዳ። መስኮት ላይ አስቀምጠህ አሳድረው። ጠዋት ታቹ ላይ የተኛ ደለል ከሌለ ወይም ስስ ሽፋን ብቻ ከሆነ ደህና ነው፣ በሳምንቱ ድገመው። የጣት ውፍረት ያህል ካገኘህ ግን በዚያ ጎን ያለውን ግድግዳችሁን ዙረህ እይ፤ አዲስ ስንጥቅ ካለ በሁለቱም ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀኑን ጻፍበት፣ ፎቶ አንሳው፣ ብርጭቆውን ሳትደፋ ለግንባታው መሐንዲስ ይዘህለት ሂድ።